በእጄ የተጻፉት የሚስ ኔስታ ደብዳቤዎች

ባለፈው ሚያዝያ ነው፣ ቅዳሜ ከሰዓት። ፌርፋክስ ላይ የቅመምና የእንጀራ ሱቅ ያላት ሙሉ ደወለችልኝ። «እትዬ ጽጌ፣ አንዲት ፈረንጅ ልጅ እዚህ መጥታ አሮጌ ኤንቨሎፕ አሳየችኝ። ጀርባው ላይ በአማርኛ ተጽፎበታልና ምን እንደሚል አንብቢልኝ አለችኝ። ‹ጌታ ሆይ በሰላም አድርስልኝ፣ ጽጌ ደምሴ› ነው የሚለው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሌላ ጽጌ ደምሴ አለች እንዴ?»

ስልኩን እንደያዝኩ ወንበር ፈለግኩ። ያንን ልማዴን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ድሮ ደብዳቤ ፖስታ ሳጥን ውስጥ ከመክተቴ በፊት፣ የኤንቨሎፑ ጀርባ ጥግ ላይ በጥቃቅን ፊደል እንዲህ ብዬ እጽፍ ነበር። ውቅያኖስ የሚሻገር ወረቀት ያለ ጸሎት መላክ አይሆንልኝም ነበር። «ከየት ነኝ አለችሽ?» አልኳት። «ከዌልስ። ሜገን እባላለሁ አለች። ሶ፣ ስልክዎን ብሰጣት ኦኬ ነው?»

ሜገን ወዲያው ደወለች። ድምፅዋ የወጣት ነው። «አያቴ ኦልዌን ትባል ነበር» ስትለኝ አንድ የቆየ ቅያሜ ተቀሰቀሰብኝ። ነገ ፌርፋክስ ላይ አንድ የኛ ምግብ ቤት እንገናኝ ተባባልን። ልትዘጋ ስትል፣ «አንድ ነገር ልለምንዎት፤ ብቻዎን አይምጡ። የሚቀርብዎትን ሰው ይዘው ይምጡ» አለችኝ። ነገሩ ግር አለኝ። ማታ ለልጄ ለሩት ስነግራት፣ «ምን አጥፍተሽ ነው ማሚ?» ብላ ሳቀችብኝ። «በይ፣ እኔ ድራይቭ አደርጋለሁ።»

እሑድ ከቸርች ስንወጣ ሩት ነድታ ወሰደችኝ። መኪናዋ ፌርፋክስ ላይ ቀይ መብራት እየጠበቀች ስትቆም፣ እኔ ከመስኮቱ ውጪ የማየው የዛሬውን ፌርፋክስ አልነበረም። ያኔ የኛ ቤቶች ሁለት ሦስት ቢሆኑ ነው። በመካከላቸው አሮጌ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች፣ አንድ ሰዓት ሠሪ፣ ሰሊጥ የተነሰነሰበት የተጎነጎነ ዳቦ የሚጋግር ዳቦ ቤት ነበሩ። ዓርብ ዓርብ የዳቦው ሽታ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ይቀበለኝ ነበር። እኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ኮሪያታውን ባለ አንድ መኝታ ቤት ተከራይተን አራት ልጃገረዶች እንኖራለን፤ ሁለት አልጋ ላይ፣ ሁለት ሶፋና ምንጣፍ ላይ፣ በየሳምንቱ እየተቀያየርን። ካፖርቴ ከአሮጌ ልብስ ቤት በአራት ዶላር የገዛሁት፣ ትከሻው የወንድ ያህል የሰፋ፣ ውሃ ሰማያዊ ነው። ጫማዬ ነጭ የነርስ ጫማ ነው፤ ነርስ ስላልሆንኩ ነርስ መምሰል ነበረብኝ። ጆሮዬ ላይ ስፖንጁ ያለቀ የካሴት ማዳመጫ ሰክቼ የመዝሙር ካሴት እሰማለሁ። ባትሪው ሲደክም ዘማሪው ድምፁ እየወፈረ፣ እየተጎተተ ሄዶ ያርፋል። ካሴቱን በእርሳስ አጠንጥኜ መልሼ እከፍተዋለሁ። ደግሞ ያኔ ከአውቶቡስ አውቶቡስ መቀየሪያዋን ስስ ወረቀት የጣለ ሰው ወየውለት፤ እኔ ቢጠፋብኝ ብዬ ጓንቴ ውስጥ ነበር የምይዛት።

ሥራውን ያገኙልኝ የቸርቻችን ሽማግሌ ጋሼ ታደሰ ናቸው፤ ታክሲ ይነዱ ነበር። «አንዲት አሮጊት አሉ፣ ዓይናቸው ደክሟል። ምግብና ጽዳቱ ብዙም አይደለም። ማንበብና መጻፍ የምትችል ልጅ ነው የሚፈልጉት» አሉኝ። ቤቱ ከፌርፋክስ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ጣራው ቀይ ሸክላ የሆነ ፎቅና ምድር ነው፤ እሳቸው ምድሩ ላይ ነበሩ። ሚስ ኔስታ ይባላሉ። ሰማንያ ሊሞላቸው ትንሽ ቀርቷቸዋል። በዚያ ሙቀት ግራጫ የሱፍ ሹራብ ለብሰው፣ ቁልፎቹን አዛንፈው ቆልፈዋቸዋል። ገና ሰላም ብያቸው ሳልጨርስ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት ጠቆሙኝ። «አንብቢልኝ።»

አየሁት። ፊደሉን አውቀዋለሁ፣ ቃሉን አላውቀውም። አንድም የእንግሊዝኛ ቃል የለበትም። «ይሄ እንግሊዝኛ አይደለም» አልኩ፤ ሥራው አመለጠኝ ብዬ እያፈርኩ። «አይደለም» አሉ። «ምንም አይደል፣ ፊደሉን ቁጠሪው።» ልጅ ሆኜ የኔታ ዘንድ ዳዊት ስንደግም ግዕዙ ሳይገባን እናነበንበው እንደነበረው፣ ያንን ወረቀት ከላይ እስከ ታች አነበነብኩት። ሚስ ኔስታ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ አንድ ጊዜ እሳቸው አሉት፣ አንድ ጊዜ እኔ። ሁለት ኤል ሲደራረብ ምላስን ላንቃ ላይ ለጥፎ በጎን መተንፈስ ነው፤ ያቺን ድምፅ ለማውጣት ሁለት ወር ፈጀብኝ። እሳቸው ደግሞ እስከ መጨረሻው ‹ጽ› አልመጣላቸውም። «ስጌ» እያሉ ኖሩ።

ሚስ ኔስታ ደራሲ ነበሩ። መደርደሪያቸው ላይ አረንጓዴ ጨርቅ የለበሱ ሁለት ቀጫጭን መጻሕፍት ነበሩ። በዌልስኛ የጻፏቸው የአጫጭር ልብ ወለድ መጻሕፍት ናቸው። ባላቸው በርባንክ ከተማ ፊልም የሚሠራበት ቦታ የውሸት ቤት የሚገነባ አናጢ ነበር፤ እሱን ተከትለው መጡ፣ እሱ ሞተ፣ ልጅ የላቸውም። በዚህ ሁሉ ከተማ መጽሐፋቸውን ማንበብ የሚችል አንድ ሰው አያውቁም ነበር። ያላቸው ኦልዌን ናት። ዌልስ ሳሉ በአንድ ወንበር አብራቸው የተማረች ጓደኛቸው፣ የጻፉትን ሁሉ ከማንም በፊት የምታነብላቸው። ከመርከብ ከወረዱበት ሳምንት ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ ለኦልዌን ሲጽፉ ኖረዋል። ዓይናቸው ሲደክም ሐሙሱን ለኔ ሰጡኝ።

አጻጻፋችን እንዲህ ነበር። ሎሚ የተሣለበት ላስቲክ የለበሰው የማድቤት ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት እንቀመጣለን። ዓይናቸውን ይጨፍኑና መጀመሪያ ዓረፍተ ነገሩን ሙሉውን ይሉታል፣ ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው። ከዚያ ፊደል በፊደል ይነግሩኛል። እኔ ከንፈሬን ነክሼ እጽፋለሁ። አንድ ገጽ ሁለት ሰዓት ይወስድብናል። ወረቀቱ ሰማያዊና ስስ ነው፤ በአንድ በኩል የጻፍከው በሌላው በኩል ይታያል። ስጨርስ ጀርባው ላይ ጸሎቴን ጽፌ መንገዱ ማዶ ካለው ሳጥን እከተዋለሁ። በየሁለት ሳምንቱ የኦልዌን መልስ ይመጣል፣ ትልልቅና የተንጋደደ ጽሑፍ። አነበንበዋለሁ። ሚስ ኔስታ አንዳንዱ ቦታ ላይ ይስቃሉ፣ አንዳንዱ ቦታ ላይ ዝም ይላሉ። እኔ በምን እንዳሳቅኋቸው አላውቅም፤ ግን ሰው ያሳቀ ሰው ደስ ይለዋል።

በሁለተኛው ዓመት እናቴ ደሴ አረፈች። እንደ ልማዳችን ወር ሙሉ ደበቁኝ። አንድ ቅዳሜ ማለዳ የኮሪያታውኑ በር ተንኳኳ፤ ከፈትኩት። ጋሼ ታደሰ ከፊት፣ የቸርች ሰዎች ከኋላ፣ ሴቶቹ ነጠላ አዘቅዝቀዋል። ማንም ቃል ሳይተነፍስ ገባኝ። ከሳምንት በኋላ ሥራ ስገባ ሚስ ኔስታ አጠገባቸው አስቀመጡኝና እንዴት እንደሰማሁ ጠየቁኝ።

«እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም» አልኳቸው። «ብቻሽን ሳለሽም አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ግራና ቀኝ ይዞሽ ነው።»

«ነጋሪውስ?» አሉኝ። «ነጋሪው ምን ይሆናል?»

እንደዚያ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። «ነጋሪውን ማየት ከባድ ነው» አልኳቸው። «ጋሼ ታደሰን እወዳቸዋለሁ። ግን አሁን ሳያቸው ያቺ ማለዳ ትመጣብኛለች። እሳቸውም ያውቁታል መሰለኝ፣ ቸርች ውስጥ ዓይኔን ይሸሻሉ። ለመርዶ እሳቸውን ያስመረጠ ቀን ይረገም።» ሚስ ኔስታ እጄን ያዙኝ።

ወር አልሞላም። የመንጃ ፈቃድ ፈተና በሦስተኛው ሙከራዬ ያለፍኩበት ቀን ነው። ከዚያው ዳቦ ቤት የሎሚ ኬክ ገዝቼ፣ ካፖርቴን ሳላወልቅ፣ እየዘፈንኩ ገባሁ ማለት ይቻላል። በር ላይ ደብዳቤ ወድቋል፤ ከዌልስ ነው፣ ግን ኤንቨሎፑ ነጭ፣ ጽሑፉም ጥቃቅን ነው። «ሚስ ኔስታ፣ ደብዳቤ! ቶሎ ላንብብልዎትና ኬክ እንበላለን!» አልኩ። እንደቆምኩ አነበብኩት። ግማሽ ገጽ ብቻ ነው። በዚያ ደስታዬ ላይ አንደበቴ ተፈትቶልኝ ነበር፤ የተደራረበው ኤል እንኳ አላደናቀፈኝም። ስጨርስ ምስጋና ጠበቅኩ። ሚስ ኔስታ እጃቸው ላስቲኩ ላይ ተዘርግቶ ነበር።

«እንደገና አንብቢልኝ» አሉ።

አነበብኩላቸው። ሁለተኛውን ደግሞ አሳምሬ፣ ድምፄን ከፍ ዝቅ እያደረግኩ። መካከል ላይ «ዳወል» የሚል ቃል አለ። የኛን ደወል መሰለኝና ወደድኩት። «ዳወል ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«በጸጥታ ማለት ነው።»

«ሌላውስ ምን ይላል? ደህና ናቸው?»

«ልጇ ናት የጻፈችው» አሉ። «ኦልዌን ከእንግዲህ በእጇ አትጽፍም።»

እርጅና ነው አልኩና ኬኩን ቆረስኩ። ያዙት እንጂ አልበሉትም። እኔ ሳህን እያጠብኩ «ዳወል፣ ዳወል» እያልኩ አንጎራጎርኩ። ቀኑን ሙሉ አፌ ላይ ነበረች።

ሐሙስ መጣ። ቀርቷል ይሉኛል ብዬ አልጠበቅኩም፣ እሳቸውም አላሉም። «ስጌ፣ ወረቀት አምጪ።» ከዚያን ቀን በኋላ በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ደብዳቤ ጻፍን። ድሮ ከነበረው ስለሚረዝሙ አንዱ ብቻ ሦስት አራት ሐሙስ ይፈጅብን ነበር። አንዳንዱን ሲያጽፉኝ ድምፃቸው ይቆረጥና «ጉሮሮዬ ነው» ይሉኛል፤ ውሃ አመጣላቸዋለሁ። ከዌልስ ግን አንድ መስመር አልመጣም። የፖስታ ሳጥኑን ባዶ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላ ነበር። አንድ ቀን አላስቻለኝም። «እጇን ቢያማት ልጇ እጅ የላትም? ይቺ ምን ዓይነት ጓደኛ ናት? እኔ ብሆን አልጽፍላትም ነበር» አልኳቸው። ሚስ ኔስታ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ «ተያት ልጄ፣ ኦልዌን እኔን በድላኝ አታውቅም» አሉኝ። ልጄ ያሉኝ ያኔ ነው፣ ሌላ ጊዜ ብለውኝ አያውቁም። እኔ ግን ኩርፊያ ላይ ስለነበርኩ ወደ ማድቤት ገባሁ።

የጃካራንዳው ዛፍ ሐምራዊ አበባውን መንገድ ላይ ሲያራግፍ ሆስፒታል ገቡ፣ በአምስተኛው ቀን አረፉ። ቀብራቸው ላይ እኔ፣ ጋሼ ታደሰና ፎቁ ላይ የሚኖሩት ሽማግሌ ብቻ ነበርን። አከራዩ ሁለት ሠራተኛ ልኮ ቤቱን ባዶ አደረገው። እኔ ስደርስ ዕቃው ተጭኖ ሄዷል። ወረቀት የተባለ አንድም አልቀረም። ለኦልዌን በእንግሊዝኛ ጻፍኩላት፣ ወዳጅሽ አርፋለች ብዬ፣ በስሜ ፈንታ ‹የሚስ ኔስታ ሠራተኛ› ብዬ ፈርሜ። መልስ አልመጣም። ከዚያ በኋላ አግብቻለሁ፣ ወልጃለሁ፣ ባሌን ቀብሬአለሁ፤ ለሠላሳ ምናምን ዓመት ግን ያቺን የማላውቃትን ሴት እንደተቀየምኩ ኖርኩ። ስለ ክፉ ወዳጅ ስብከት በተሰበከ ቁጥር ወደ ሐሳቤ የምትመጣው እሷ ነበረች።

ሩት መኪናውን ፓርክ አድርጋ ገባን። ሜገን ምግብ ቤቱ ውስጥ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ሠላሳ ምናምን የሚሆናት፣ ፊቷ ነጠብጣብ የበዛበት ልጅ። ተነሥታ ጨበጠችኝና ሩትን አየች። «ልጅዎ ናት? ጥሩ። አጠገብዎ ትቀመጥ» አለች። ከቦርሳዋ ፎልደር አወጣች። ስስ ሰማያዊ ወረቀት። የራሴ የእጅ ጽሑፍ፣ የሃያ ምናምን ዓመት ልጅ ጽሑፍ፣ ክብ ክብና ጠንቃቃ።

«የሚስ ኔስታ ደብዳቤ በዓለም ላይ የቀረው ይሄ ብቻ ነው» አለች። «አርባ ዓመት ሙሉ ለአያቴ የጻፉት ሁሉ ተቃጥሏል። ቀድማ የምትሞተዋ የሌላይቱን ልታቃጥል ቃል ተግባብተው ነበር፤ አያቴ እንደታመመች ራሷ አቃጠለችው። እነዚህ ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው።»

«ከምኑ በኋላ?» አልኩ።

ሜገን ወደ ሩት ተመለከተች። ሩት ምኑም ሳይገባት እጄን ያዘችኝ። «አያቴ ከሞተች በኋላ» አለች ሜገን። «አሥራ ዘጠኙም። እናቴ የአያቴን መሞት ለሚስ ኔስታ ጽፋላቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ለሟች ደብዳቤ ሲመጣ፣ አሮጊቷ አእምሯቸውን ስተዋል ብላ አዘነች። የእርስዎም መልእክት የመጣው በአያቴ ስም ነው። ለሷ ያልተጻፈ ደብዳቤ መክፈትም ነውር መሰላት፣ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጠችው። እናቴ አምና ስትሞት እኔ ከፈትኩት።»

እኔ የሰማሁት እስከ ግማሹ ነው። ነጭ ኤንቨሎፕ። ግማሽ ገጽ። «የእናትሽ ደብዳቤ ላይ ዳወል የሚል ቃል ነበረበት?» አልኳት።

ልጅቷ ፊቷ ተለወጠ። «እኛ አገር ሰው ሲሞት እንዲህ ነው የሚጻፈው» አለች ቀስ ብላ። «በጸጥታ አረፈች።»

በጸጥታ አረፈች። እኔ ያንን ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው። ካፖርቴን ሳላወልቅ፣ ኬክ ይዤ፣ ሁለተኛውን አሳምሬ። ከዚያም አንጎራጎርኩት። «ማሚ፣ ምንድን ነው? ምን ሆነሽ ነው?» ትለኛለች ሩት። ያዘችኝ። ሜገንም ከማዶ መጥታ በሌላው ጎኔ ተቀመጠች። እንዲህ ግራና ቀኝ ይዘውኝ ነው የመጀመሪያውን ደብዳቤ ያነበበችልኝ፣ በዌልስኛ አንድ መስመር፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ። በኛ ቋንቋ ሳስበው እንዲህ ይላል፦

«ኦልዌን ሆይ፣ መሞትሽን ሰማሁ። የነገረችኝ ይህችው ልጅ ናት፣ እየሳቀች፣ እኔ እንዳስተማርኳት አንዲት ፊደል ሳትስት። አላወቀችም። የእናቷን መርዶ ከሰማች ወር አልሞላትም። እነሱ ዘንድ መርዶ ነጋሪ ከባድ ሰው ነው፤ ወዳጁን ሲያይ ዓይኑን ይሸሻል። ስጌ ከእኔ ዓይኗን እንድትሸሽ አልፈልግም። ደብዳቤ ባቆም ለምን ትለኛለች፣ እኔም መዋሸት አልችልበትም። ስለዚህ መጻፌን እቀጥላለሁ፤ አንቺ እንደምንም ቻይው። አሁን ይህን እየጻፈች ነው። ከንፈሯን ነክሳለች። ‹መሞትሽን› የሚለውን በደንብ ጻፈችው፣ አልተሳሳተችም።»

የቀሩትን ሜገን አላነበበችልኝም፣ እኔም አልቻልኩም። በውስጣቸው ሚስ ኔስታ ለሠላሳ ዓመት ትተውት የነበረ ልብ ወለድ እንዳለ ነገረችኝ፤ ሐሙስ ሐሙስ እየቆራረሱ፣ ለኦልዌን እያሉ፣ በኔ እጅ አጽፈውታል። ጉሮሮዬ ነው ሲሉኝ ውሃ ያመጣሁላቸው ለዚያ ነው። የመጨረሻው ደብዳቤ ላይ ለሚያነበው ሰው አንድ አደራ አለ። «አንድ ቀን ይህችን ልጅ ካገኛችኋት ንገሯት፤ ግን ብቻዋን ሳለች አይሁን።»

አስተናጋጇ ምግቡን አምጥታ አስቀምጣ ሄደች። ማናችንም አልነካነውም። ሩት ታለቅሳለች። ሚስ ኔስታን አታውቃቸውም፣ የኔን ልቅሶ ነው የምታለቅሰው። እኔ ግን ያኔ የሚያንገበግበኝ ስለ ኦልዌን የተናገርኩት ነበር። ይቺ ምን ዓይነት ጓደኛ ናት ያልኩት ለማን ነው? ጓደኛዋን ለብቻዋ ቀብራ ሐዘኗን እንኳ እኔ እንዳላይ በደበቀች ሴት ፊት ነው። ሐዘን መቀመጫ ነፍጌያት፣ በላዩ ላይ ተቆጥቼ ወደ ማድቤት ገባሁ።

ሜገን አፍንጫዋን ጠርጋ ማስታወሻ ደብተር አወጣች። ደብዳቤዎቹ በአገሯ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ሊቀመጡ ነው። መዝገቡ ላይ «የጸሐፊዋ እጅ ያልታወቀ» ተብሎ ነበር። «አሁን ታወቀ» አለች። «ስምዎን በትክክል ይጻፉልኝ፣ በእርስዎም ፊደል፣ በኛም ፊደል።»

ጻፍኩላት። ሩት ወረቀቱን ያዘችልኝ። ሜገን ብዕሩን ልትቀበለኝ እጇን ስትዘረጋ አልሰጠኋትም።

«ከስሜ ሥር አንድ ነገር ይጨመርልኝ» አልኳት።

«ምን ልበል?»

«የምትጽፈውን አታውቅም ነበር፣ በይልኝ።»